የመሕቡባ ጠገራ

ኩዌት፣ ሳልሚያ ያለን ወሎዬዎች መሕቡባን «ባንኳ» እንላታለን። የወረቀት ብር አታምንማ! ከእናቷ የወረሰቻትን አንዲት ጠገራ ብር ለልጇ ለሒባ ልታወርስ በካልሲ ጠቅልላ ይዛለች።

በኮሮናው ዓመት አገር ቤት የብር ኖቱ ሲቀየር፣ ጓደኛችን ሰብሪና ለመመለሻዋ ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጠችው አሮጌ ብር መና ቀረ። መሕቡባ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው መጥታ፣ «አላልኩሽም? የኔይቱን የማንም አዋጅ አይቀይራትም!» አለቻት።

ያን ሰሞን አሠሪዋ ማዳም ቲማቲሙን ሳይቀር በክሎሮክስ በረኪና ታስነክራት ነበር። መሕቡባም ጠገራዋን ኮሮና እንዳይነካት ብላ ነከረቻት። ስታወጣት ከሰል መስላለች። እያለቀሰች ይዛት መጣች።

«ውይ መሕቡባዬ» አለች ሰብሪና፣ «ያንቺም ተቀየረ እንዴ?»

«እንግዲህ ለሒባ ምን ላወርስ ነው?» ስትል አንጀቴን በላችው። በዕረፍቷ ቀን ልጄን አዝዬ ሚርቃብ ገበያ የብር ጌጥ ነጋዴ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውዬው መጥቆሯን ከቁም ነገርም አልቆጠረው። መዘናትና የወረቀት ዲናር ዘረጋላት።

«ዋጋዋ አልቀነሰም?» አለችው።

«ብር እኮ ነው፤ ሲወለወል ይነጣል።»

መሕቡባ ጠገራዋን ላፍ አድርጋ ካልሲዋ ውስጥ መለሰቻት። አንገቷን ቀና አድርጋ ታክሲ አስቆመች። ሳልሚያ ደርሰን ዲናር ብሰጠው ሾፌሩ እጁን ሰበሰበ፤ «ካሽ ኮሮና አለበት፤ በስልክ የክፍያ ሊንክ እልክላችኋለሁ፣ በዚያ ክፈሉ» አለን።

መሕቡባ ስልኬን ተቀብላ በመዳፏ ከፍ ዝቅ አደረገችው።

«ይኼኛውስ» አለችኝ፣ «ስንት ይመዝናል?»