በገጽ መቶ አርባ ላይ ያልነበረው

«አንቺ አንብቢ፤ እኛ እንጨቃጨቅ።»

ጋሽ ታደሰ እንዲህ ሲሉኝ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ቤታችንና ቤታቸው በአንድ የቆርቆሮ አጥር ይዋሰኑ ነበር፤ ከአጥሩ አንዱ ቆርቆሮ ስለተነቀለ ወደ እሳቸው ለመሄድ በመንገድ መዞር አያስፈልገንም። ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ በስማቸው አይጠራቸውም፣ በኦሮምኛው «ባርሲሳ»፣ አስተማሪው፣ ይላቸዋል እንጂ። አያቴ እንድሪስ ደግሞ እሳቸው ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ዘበኛና ደወል ደዋይ ነበር። እናቴ ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አባባ እለው ነበር።

ያኔ የጋሽ ታደሰን ዓይን ሞራ ሸፍኖት ነበር። መጻሕፍታቸውን አልጋቸው ሥር ባለ የብረት ሳጥን ውስጥ ያኖራሉ፤ ሽፋኑን በእጃቸው ዳብሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ፤ ማንበብ ግን አይችሉም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብና መብራቱ እንደ ልማዱ ሲጠፋ፣ እኔ ኩራዙ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ከአልጋው ጫፍ፣ አባባ ከምድጃው ፊት ለፊት። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ የኩራዙ ጥላሸት አፍንጫዬን እያጠቆረው አነብላቸዋለሁ።

ሌላው ልጅ የጅብና የጦጣ ተረት እየሰማ ሲያድግ፣ እኔ የሰማሁት ተረት አንድ ነበር፤ ንጉሡ ወርደው ወታደሮቹ ሥልጣን ከያዙ በኋላ የአገር ልጆች እርስ በርስ የተጋደሉበት ያ ረጅም ጦርነት ለምን ተነሣ የሚለው። ማን ድል እንዳደረገ ብዙም አላነበብንም። ለምን ከሚለው ወጥተን አናውቅማ።

መጻሕፍቱ አይስማሙም ነበር። አንዱ ጸሐፊ የነገሩ ሁሉ ሥር መሬት ነው ይላል፤ ገበሬው አባቱ ባረሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ መኖሩ ነው። ሌላው ይነሣና፣ መሬት ብቻ ቢሆን ኖሮ መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ ጦርነቱ ለምን ባሰበት፣ የብሔረሰቦች ጥያቄ ነው እንጂ ይላል። ሦስተኛው፣ ሁለቱም አሮጌ ቁስሎች ናቸው፣ ቁስሉን ጦርነት ያደረጉት ግን ሥልጣን አናጋራም ያሉት ወታደሮችና እርስ በርስ መስማማት ያቃታቸው የተማሩ ልጆች ናቸው ይላል። አራተኛው ከባሕር ማዶ የመጣውን መሣሪያ ያነሣል። እኔም አንብቤ ስጨርስ ባለ ካሬ ደብተሬ ላይ ምክንያቱን በቁጥር እጽፋለሁ፤ ከጎኑ የመጽሐፉን ስም፣ ከዚያ ገጹን። ገጹን ከዘለልኩ ጋሽ ታደሰ ይቆጡኛል።

«ደግሞ ጸሐፊው የት ተቀምጦ እንደጻፈ እዪ» ይሉኛል። «ከእስር ቤት ወጥቶ የጻፈና ቢሮው ውስጥ ሆኖ የጻፈ እኩል አያዩም። ዋሹ ማለት ግን አይደለም።»

አባባ ይህን ሲሰማ አያስችለውም። «አሁንስ ትምህርቱን አስረዘምከው አቦ!»

«እንድሪስ፣ ትንሽ ታገስ።»

«ሃያ ዓመት ታግሼሃለሁ። እኔ ደወሉን ባልደውል እነዚያ ልጆች እስካሁን ከክፍልህ አይወጡም ነበር።»

«አንተ እኮ ሰዓት እያዛባህ ቀድመህ ነበር የምትደውለው!»

«አዛብቼ? አዝኜላቸው ነው እንጂ!»

በዚህ መሀል ከጓሮ በኩል የምትኖር ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ገል ይዛ ፍም ልትወስድ ትገባለች። ያኔ በሰፈሩ ክብሪት ጠፍቶ አይደለም፤ ከሰው ቤት ፍም መውሰድ የለመደችው ነገር ስለሆነ ነው። «አከም ኦልተኒ?» ትላለች አዋዋላችንን እየጠየቀች፤ «ዛሬም ጦርነቱን አልጨረሳችሁትም?» ታናሽ ወንድሟን በዚያ ዘመን ከገበያ አፍሰው ለውትድርና ወስደውባታል፤ አልተመለሰም። ፍሙን በገሉ እያነሣች ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቃለች፤

«ማሎ፣ እባክዎ ባርሲሳ፣ ወንድሜን ለምን ከገበያ እንደወሰዱት የጻፈ ተገኘ?»

«የለም፣ አዴ ጫልቱ።»

«እንግዲያው ገና ናችሁ፤ አንብቡ» ብላ ፍሟን አመድ አልብሳ ትወጣለች።

አባባ የራሱ ምክንያት ነበረው። እሱ የወሎ ሰው ነው፤ በሰባ ሰባቱ ራብ ከሴት አያቴና ከእናቴ ጋር ለሰፈራ ወለጋ የገባ። እናቴ ያኔ ጡት አልጣለችም ነበር። ሁለት ታላላቆቿ ግን ከመንገድ ቀርተዋል። ይህን የነገረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በቆሎ እየፈለፈልን ሳለ። «ልጆቼን መንገድ ላይ ከቀበርኩ ወዲያ የሚያስፈራኝ ነገር አልቀረም» አለኝ፤ ከዚያ የበቆሎውን ቆረቆንዳ እሳቱ ውስጥ ወረወረ።

«ራብ ነው» ይላል እንግዲህ፣ ጋሽ ታደሰን እየተከራከረ። «እኛ አገር ጫካ የገቡት ልጆች ምን መጽሐፍ አንብበው ነው የገቡት? ወላሂ፣ ርቧቸው ነው የሄዱት።»

«ጦርነቱ ራቡን አባሰው የሚል አለ። ራቡ ጦርነቱን አመጣው የሚል ግን እኔ ከያዝኳቸው ውስጥ የለም።»

«እኔ ከመጽሐፎችህ ውስጥ የለሁም በላ!» ብሎ ይስቃል አባባ። ሳቁ ግን እያደር አጠረ። መጀመሪያ መከራከሩን ተወ፤ ቀጥሎ መቀመጫውን ወደ በሩ አራቀ፤ በኋላ በኋላ ጀርባውን ሰጥቶን እሳቱን መቆስቆስ ብቻ ሆነ ሥራው። እኔ ከመጽሐፉ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው ያንን ጀርባ ነው።

አንድ ምሽት ላይ፣ የበቆሎ እሸት ፍሙ ላይ እየተጠበሰ ሳለ፣ ገጽ መቶ አርባን አነብ ነበር። ስለ ወታደሮች ደመወዝ የሚያወራ ደረቅ ገጽ ነው። አንቀጹን ጨረስኩና ዓይኔን ከፊደሉ ላይ ሳላነሣ፣ ድምፄንም ሳልቀይር ቀጠልኩ፤ «ከሁሉ በፊት ግን ራቡ ነበር። ልጆቹን መንገድ ላይ ለቀበረ ገበሬ የሚያስፈራው ነገር አልቀረም።»

አባባ ዞረ። «ድገሚው» አለ።

ደገምኩት። ቃል እንዳልስት ጣቴን ባዶው የገጹ ጥግ ላይ አድርጌ ነበር።

«ሰማህ?» አለ አባባ። «ሰማህ ወይ፣ አንተ ሰውዬ?»

ጋሽ ታደሰ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ቆይተው፣ «ገጽ ስንት ነው፣ ከድጃ?» አሉኝ።

«መቶ አርባ።»

«ጻፊው።»

ቁጥር አምስት ብዬ ጻፍኩት። አባባ ተነሥቶ ደብተሩን ተቀበለኝ። ፊደል አይቆጥርም፤ የቱ ጋ እንደሆነ እንዳሳየው ጠየቀኝና አውራ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈው፤ ደመወዙን ሲቀበል ሃያ ዓመት እንዳደረገው። እጁ ከሰል ነክቶ ስለነበር የጣቱ አሻራ ጥቁር ሆኖ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ያን ምሽት ትልቁን እሸት ለጋሽ ታደሰ ሰጣቸው።

በማግስቱ ብቻዬን አስጠሩኝ።

«ያንን መጽሐፍ ስንት ዓመት አስተማርኩበት መሰለሽ?» አሉ። «ገጽ መቶ አርባ ላይ ምን እንዳለ ለማወቅ ዓይን አያስፈልገኝም።»

ማልቀስ ጀመርኩ።

«ተይ፣ አልቆጣሽም። ያልሽው ሐሰት ነው አላልኩም። የአያትሽ ቃል ነው፤ ድሮ ለእኔም ነግሮኛል። አንቺ ግን ወስደሽ ለማያውቀው ሰው አፍ ሰጠሽው። አሁን ገጹን ሰርዢና እንድሪስ አሊ ብለሽ ጻፊበት። ለእሱም ራስሽ ንገሪው፤ እኔ አልነግርብሽም።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

አልነገርኩትም። ልነግረው አጥሩን ተሻግሬ ስመለስ አባባ ደጃፍ ላይ ከመስጊድ ጓደኞቹ ጋር ቆሞ ነበር። «መጽሐፍ ላይ ወጥቷል» ይላቸዋል። «ልጄ አነበበችልኝ፤ ገጽ መቶ አርባ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ቁጥር ከራሱ ዕድሜ ይበልጥ ያውቀው ነበር። መቀመጫውን ወደ ምድጃው መለሰ፤ ክርክሩንም ጀመረ። ጋሽ ታደሰ ለጥቂት ቀናት «ነገርሽው?» እያሉ በሹክሹክታ ይጠይቁኝ ነበር፤ በኋላ መጠየቁን ተዉት። ለአባባ አንድ ቀን እንኳ አላሉትም። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ሳነብላቸው እያንዳንዱን መስመር በጆሯቸው እንደሚመዝኑት ይሰማኝ ነበር፤ ሦስታችን አንድ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን እኔ ብቻዬን ነበርኩ።

ጋሽ ታደሰ ዘጠነኛ ክፍል ከመግባቴ በፊት ሞቱ። ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ መጥተው መጻሕፍቱን ጫኑ፤ ደብተሩ ግን የእኔ ስለነበር ቀረልኝ። አባባ ተከትሏቸው ታመመ። ሊጠይቀው የመጣውን ሁሉ «ልጄ አንብባልኛለች» ይላል፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ውኃ አቀብለዋለሁ። አንድ ከሰዓት ብቻችንን ሳለን «አባባ፣ ያ መጽሐፍ...» ብዬ ጀመርኩ። «አዎ፣ መቶ አርባ» አለና ፈገግ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ብርድ ልብሱን ሳብኩለት። በዚያ ሳምንት ቀበርነው። ትምህርቴም ከዚያ አላለፈም፤ አስታማሚም ተማሪም መሆን አልቻልኩም ነበር፣ ደግሞም ትምህርት ቤቱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት የሚዘጋበት ጊዜ መጣ።

ኋላ ያገባሁት ባሌ አናጺ ነበር። የሰው ቤት ጣሪያ ሊያቆም ለሦስት ቀን ብሎ ወደ ኡኬ ወጣ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ሲከፈት እሱ አልመጣም። ልጃችን ሰሚራ ያኔ አራስ ነበረች። ስለ እሱ የሲሬው ዘመዱ አንድ ነገር ይለኛል፣ አብሮት የወጣው ሰው ሚስት ሌላ ትለኛለች፣ በስልክ ሌላ እሰማለሁ። ይህ የአሁኑ መገዳደል ለምን እንደጀመረም እንዲሁ፤ ታክሲ ውስጥ አንድ ነው፣ ገበያ ሌላ ነው፣ ለቅሶ ቤት ደግሞ ማንም ምንም አይልም። እኔም ሰው ሲያወራ ማን እንደሚያወራ፣ የት እንደተቀመጠ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። አብሬው የማወራው ሰው ግን የለኝም። አዴ ጫልቱ አርጅታለች፤ አሁንም ስታየኝ ጉንጬን ይዛ «ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ የጻፈ ተገኘ?» ትለኛለች።

ለሰሚራ የምነግራት አንድ ነገር ነበረኝ፤ አባትሽ ቤት ሊሠራ ሄዷል፣ ጣሪያው ሲያልቅ ይመጣል። በዚሁ ስድስት ዓመት ሞላት።

ባለፈው ክረምት መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ከሰሉን እያራገብኩ ሳለ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ፍሙን ታያለች።

«እማ፣ የሰፈራችን ሰዎች ቤት ሲሠሩ ቶሎ ያልቃል አይደል?»

«ያልቃል።»

«የአባዬ ቤት ምን ዓይነት ነው የማያልቀው?»

ጥያቄዋ ቁጣ የለበትም። ማወቅ ፈልጋ ነው። ሌላ ነገር አፌ ላይ መጣ፤ ፎቅ ነው ልላት፣ ሩቅ ነው ልላት። ቃሉ እንዴት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ፤ ድምፅ ሳይቀየር፣ ዓይን ሳይነሣ። የአባባ ፊት ሲበራ ታየኝ፤ ከዚያ ደግሞ ጋሽ ታደሰ በማያይ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረው «ገጽ ስንት ነው?» ሲሉኝ።

ተነሥቼ ደብተሩን ከቁምሳጥኑ ላይ አወረድኩ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ የጣቱ አሻራ ግን አለ። ኩራዙን አስጠግቼ «ገጽ 140» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዝኩትና ከአሻራው ጎን «እንድሪስ አሊ» ብዬ ጻፍኩ።

«ምን እያጠፋሽ ነው?» አለች ሰሚራ።

«ተሳስቼ የጻፍኩትን።»

«ይሄ የማን ጣት ነው?»

«የአባባ። ይሄን ያለው እሱ ነው፤ እኔ በሰው ስም ጻፍኩበት።» ከዚያ ወደ እኔ ሳብኳት። «ሰሚርዬ፣ የአባትሽም ነገር እንዲሁ ነው። ቤቱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ለምን እንደቀረ አላውቅም።»

አላለቀሰችም። ከሰሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንጣጣ፤ እሷም ጣቷን አሻራው ላይ አድርጋ ልኩን ስትለካ ቆየች።

«ማን ያውቃል ታዲያ?»

«እስካሁን ያገኘሁት የለም።»

«ለምን ቀረ?» አለች እንደገና፤ እኔን አልነበረም የምትጠይቀው፣ ፍሙን እያየች ነው።

አዲስ ገጽ ገለጥኩና ጥያቄውን እንዳለችው ጻፍኩት፤ ከሥሩም ስሟን አደረግኩበት።