በባዶ ጀልባ የተሞከረ ፕሮፔለር

ገብረየሱስ ችኩል ነው። ቅዳሴው ሳያልቅ ከልደታ ማርያም ደጅ ይወጣል፤ የሰው ወሬ መሃሉን ይሰማና መጨረሻውን ራሱ ይሞላዋል። በእጁ ሥራ ግን የሚያማው የለም። አብነት ሰፈር ውስጥ ከአባቱ በወረሰው ቶርኖ ቤት ብረት ሲቆርጥና ሲበይድ ጸጉሩ ሸብቷል። የቤቱ በር ታዲያ ዛሬም በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም። «ነገ አስተካክለዋለሁ» ያለው ልጁ ሰብለወንጌል ሳትወለድ ነው፤ አሁን እሷ ራሷ ወልዳለች። ሚስቱ ወርቅዬ በሩንም ባሏንም እንደ አመላቸው ችላ ትኖራለች።

በጥቅምት መጨረሻ ከዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ከባቱ፣ ሀብተሥላሴ የሚባል ወዳጁ መጣ። ሀብተሥላሴ ጀልባ ነጂ ነው። ጀልባውን የሚያንቀሳቅሰው ድሮ የሽንኩርት ማሳ ያጠጣ በነበረ ትንሽ የናፍጣ ሞተር ነው። ከጀልባዋ ኋላ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ድንጋይ መትቶት ተሰባብሮበታል። ለኅዳር ጽዮን ምእመናኑን ሐይቁ ውስጥ ጽዮን ማርያም ወዳለችበት ደሴት ማሻገር አለበትና አዲስ እንዲሠራለት ለመነው።

ገብረየሱስ ነገሩን አሳምሮ ያውቀዋል። የፕሮፔለሩ ክንፍ ሲሰፋና ጥምዘቱ ሲጨምር በአንድ ዙር የሚገፋው ውሃ ይበዛል፤ ጀልባዋም ትፈጥናለች። ያን ሁሉ ውሃ የሚገፋው ግን ሞተሩ ነው። አቅሙ ካልቻለ ዙሩን መሙላት ያቅተዋል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ቀጥ ይላል። ስለዚህ የፕሮፔለር ልኩ የሚታወቀው ጀልባዋ ጭነቷን ይዛ ስትሞከር ነው።

ይህን ሁሉ እያወቀ ክንፎቹን ሰፋ፣ ጥምዘታቸውንም ጨመር አድርጎ ሠራቸውና ባቱ ወርዶ ገጠመው። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሞክሯት ጀልባዋ በረረች። ሀብተሥላሴ እዚሁ እደርና ነገ አሸዋ በጆንያ ሞልተን፣ በሰው ልክ ጭነን እንያት አለው። ገብረየሱስ ግን የአዲስ አበባው ሚኒባስ ሊያመልጠው ነበር። በቃ ሠርቷል ብሎት ሮጠ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ያመጣው ሰው እሱን የመሰለ ጎረቤት ሳይኖረው አልቀረም።

የጽዮን ዕለት ወርቅዬ ማለዳ ተነሥታ ከማኅበርተኞቿ ጋር በአውቶቡስ ወደ ባቱ ሄደች። ሰብለወንጌል በሰላም ከተገላገለች ጃንጥላ ይዛ ደሴቱ ድረስ ልትሄድ ተስላ ነበር። ባሌ በሠራው ጀልባ ነው የምንሻገረው እያለች ማኅበሩን ሁሉ አሰልችታለች፤ ጀልባውን ያልሠራ መሆኑ ግድም አልሰጣት።

ገብረየሱስ ቶርኖ ቤቱን ከፍቶ ሲቆም አሸዋ የጫነ አይሱዙ ዳገቱን መጣ። ሹፌሩ ማርሽ መቀነስ አልፈለገም። መኪናው ተንቀጠቀጠ፣ ጥቁር ጭስ ለቀቀ፣ መሃል መንገድ ላይ ጠፋ። ገብረየሱስ ባዶዋን የሞከራት ጀልባ ትዝ አለችው። ወርቅዬ ዋና አታውቅም፤ ሐይቁ ደግሞ ቀኑ ሲገፋ ነፋስ ይነሣበታል።

ደወለ። የወርቅዬ ስልክ ዝግ ነው፤ የሀብተሥላሴ ይጠራል፣ አይነሣም። እስከ ልደታው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፤ ለምን እንደሄደ ሳያውቅ ተመለሰ። መሮ አነሣ፣ መልሶ ጣለ። ጎረቤቱ አብዱልሃኪም ጎማ እየጠገነ ሲያየው ቆይቶ፣ ራሴን አዞርከኝ፣ ባይሆን ወዲያ ማዶ ተንቆራጠጥ አለው። ገብረየሱስ አልሰማውም። ብቻ መልሶ መላልሶ ይደውላል።

በመጨረሻ ሀብተሥላሴ አነሣ። ከበስተኋላው መዝሙርና እልልታ ይሰማል።

«ሰዎቹን አውርዳቸው» አለው ገብረየሱስ።

«ተሳፍረው አልቀዋል እኮ። ሠርቷል ብለህ የሄድከው አንተው አይደለህ እንዴ?»

አንድ ብሎን ላልቷል ማለት ይችል ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቱን ከተናገረ ማኅበርተኞቹ ይሰማሉ፤ ወርቅዬም መሃላቸው ናት። አፈረ፤ ከሐፍረቱ ግን ፍርሃቱ በለጠ።

«ባዶዋን ነው የሞከርኳት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሞልታ ከወጣች መሃል ላይ ትቆምባችኋለች። ጥቂት ጥቂት ሰው እየጫንክ፣ ሞተሩን ሳታስጨንቅ አመላልሳቸው።»

ሀብተሥላሴ እሺ ብሎ ዘጋ። ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት መዝሙሩ ቆሞ እንደሆነ ገብረየሱስ ልብ አላለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አልሄድ አለው። ወርቅዬ የደወለችው ቀትር ካለፈ በኋላ ነበር። ድምጿ ደክሟል። ሀብተሥላሴ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ማኅበርተኞቿን ሁሉ አሻግሯል፤ ማንም ምንም አልሆነም።

«አንቺስ?» አላት።

እሷ ዳር ቀርታለች። በእያንዳንዱ ምልልስ ቦታዋን ለአሮጊቶቹ ስትለቅ ነፋሱ ተነሣና ጀልባዋ መመለስ አልቻለችም። የመጨረሻዎቹ ተሳፋሪዎች ጃንጥላውን ስጪንና እናድርስልሽ ቢሏት፣ ስለቴን በሰው እጅ አልክም ብላ ይዛው ቀርታለች።

ገብረየሱስ ጃኬቱን በአንድ እጁ እየለበሰ፣ አሁኑኑ ተነሥቼ እመጣለሁ አላት።

«አትምጣ» አለችው። «ማርያም ነገም እዚያው ናት። እኔ እዚሁ ባቱ የአክስቴ ልጅ ዘንድ አድራለሁ። አንተ ልኩ የሆነ ፕሮፔለር በወጉ ሠርተህ ጨርስ፤ ስትመጣም አሸዋውን ጭነህ ሞክራት። ያኔ እሻገራለሁ። ቸኩለህ ከመጣህ ግን አልሳፈርም።»

እሺ አላት። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ጠብቀኝ ብላው አታውቅም፤ ስትጠብቅ የኖረችው እሷ ናት። ዛሬም ጃንጥላዋን ታቅፋ ሐይቅ ዳር የቀረችው እሷው ነበረች። እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገና ጃኬቱን አወለቀ።