ኩስኮ ስትገቡ መጀመሪያ ተኙ

ከኩስኮ ከተመለስኩ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ብሩክሄቨን ያለችው ጓደኛዬ ስትዘጋ ደንዉዲ ያለችው ትደውላለች። "ሆቴሉ እንዴት ነው? ይበርዳል? ምን በላሽ? ሶላቱንስ የት ሰገድሽ?" እኔ ደግሞ ስለ መንገድ ከጠየቁኝ ምድጃ ላይ ምን እንደጣድኩ አላስታውስም፤ ስንት ድስት አሳረርኩ መሰላችሁ። ስለዚህ ድስቱም እንዲተርፍ፣ እናንተም አንድ ላይ እንድታነቡት ብዬ ጻፍኩት። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደሉን የለቀምኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። ከተሳሳትኩ አፉ በሉኝ።

የልጅ ልጄ ሆስተስ ሆናለች። አትላንታ አየር ማረፊያ አጠገብ፣ ኮሌጅ ፓርክ አብረን ነው የምንኖረው፤ ከመኝታ ቤቴ መስኮት የአውሮፕላኖቹ ሆድ ይታየኛል። መሥሪያ ቤቷ ለቤተሰብ የሚሰጠው ትኬት አለ፣ ስታንድባይ ይሉታል። ትርፍ ወንበር ከተገኘ ትሄጃለሽ፣ ካልተገኘ ሻንጣሽን እየጎተትሽ ወደ ቤትሽ። እግሩ አንድ ቦታ ለማይረጋ እንደ እኔ ላለ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን አለ? "እማማ፣ የተራራ አገር ትወጃለሽ አይደል? ኦፍ አለኝ፣ ፔሩ እንሂድ" ስትለኝ፣ ፔሩ በየት በኩል እንደሆነ ሳልጠይቅ ካልሲ መልቀም ጀመርኩ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ልጅቷ ይህን ሥራ ያገኘችው በብዙ ልፋት ነው። ገና ሙከራ ላይ ናት፣ ፕሮቤሽን የሚሉት። በዚህ ጊዜ ትንሽ ነገር ከተገኘባት ያሰናብቷታል። ከአውሮፕላን ስትወርድ ድንገት ጠርተው ሽንት ስጪ ይሏታል፤ ድራግ ቴስት ነው። ይህን ያኔ በወሬ ነበር የማውቀው። ኩስኮ ላይ ግን አንጀቴ ድረስ ገባኝ።

ሊማ ላይ አውሮፕላን ቀይረን ወደ ተራራው በረርን። በረዶ የለበሰው ጫፍ ከክንፉ ሥር ብቅ ሲል አጠገቤ የተቀመጠውን የማላውቀውን ሰውዬ ክንዱን ይዤ "እይ! እይማ!" አልኩት። በአማርኛ ነው ያልኩት፤ እሱም አየ።

ኩስኮ ታክሲ ውስጥ ገና እንደተቀመጥን ልጅቷ ምክር ጀመረች።

"እማማ፣ ስሚኝ። እዚህ አልቲትዩዱ ሲሪየስ ነው። ቼክ ኢን አድርገን ቀጥታ አልጋ። ዛሬ መዞር የለም፣ ኦኬ?"

"ለማን ነው የምትነግሪው? እኔ እኮ ለጋምቦ፣ ደጋው ላይ ነው የተወለድኩት። ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው።"

"እሱ ድሮ ነዋ! አሁን የአትላንታ ሰው ነሽ። የአፓርታማችን ደረጃ ላይ ስንት ጊዜ ነው የምታርፊው?"

"የማርፈው ጎረቤት ለማየት ነው።"

"ኦኬ፣ እማማ።"

ሆቴሉ የጥንት ቤት ነው። መሐሉ ግቢ፣ ዙሪያውን ክፍል፣ ደረጃው ድንጋይ። አሳንሰር የሚባል የለም። እናንተ ስትይዙ አስቀድማችሁ የምድር ቤት ክፍል ስጡን በሉ፤ ወደ ግቢው የሚያይ ይሁን፣ በመንገድ በኩል ከሆነ ርችቱና የበዓል ሙዚቃው አያስተኛችሁም። ማሞቂያ መኖሩንም ጠይቁ። ብርድ ልብሱ ከባድ ነው፣ ደረት ላይ በግ የተኛ ይመስላል፤ ቢሆንም ማሞቂያ ይሻላል።

ገና ሻንጣችንን ሳናሳርፍ እንግዳ ተቀባዩ በትሪ ሁለት ስኒ ሻይ ይዞልን መጣ። ላዩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተንሳፍፏል። ልጅቷ እሳት እንደነካት እጇን ሰበሰበች።

"እማማ፣ ይሄ ኮካ ነው።"

"ሻይ ነው እንጂ።"

"የኮካ ቅጠል ሻይ ነው፣ ኮኬይን የሚሠሩበት። እዚህ ኖርማል ነው፣ ለከፍታው ይጠጡታል። እኔ ግን ከጠጣሁ ድራግ ቴስት ላይ ይወጣል። ሥራዬ አለቀ በቃ።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ሆስተስ የሆናችሁ፣ ትራክና አውቶቡስ የምትነዱ፣ መሥሪያ ቤታችሁ የሚመረምራችሁ ሁሉ ስሙኝ፤ ሻዩንም፣ ከረሜላውንም፣ የሚታኘከውን ቅጠልም አትንኩ። ከረሜላው በሚያምር ወረቀት ተጠቅልሎ በየጠረጴዛው አለ።

ሰውየው ግን ትሪውን ይዞ ቆሟል፣ ፈገግ ብሏል። እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ሰው በቤቱ ያቀረበውን ስኒ ሳይቀምሱ መመለስ ማለት ፊቱ ላይ በር መዝጋት ነው። ምን ላድርግ? የኔን ጠጣሁ። የሷ ስኒ ትሪው ላይ ብቻውን ሲቀር ጊዜ አሳዘነኝ፣ ቢስሚላህ ብዬ እሱንም ጠጣሁላት። ሰውየው በጣም ደስ አለው። ልጅቷ ግንባሯን ያዘች።

ቅጠሉ ይሁን የኔው ደስታ አላህ ይወቅ፣ ከዚያ በኋላ አልጋ የሚባል ነገር አላይ አልኩ። ዓይኔ በራ፣ እግሬ ቀለለ። "ትንሽ ብቻ፣ እስከዚያች ማዕዘን" እያልኩ ያቺን የዋህ ልጅ ዳገቱን አስወጣኋት። ማዕዘኑን ስንዞር ሌላ ደረጃ አለ፣ ከደረጃው በላይ ደግሞ ገበያ። ምን ልበላችሁ! ሴቶቹ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ እየሄዱ፣ እያወሩ፣ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። እንዝርቱ ከእጃቸው ተንጠልጥሎ ይሾራል። እኔ በልጅነቴ ለባና፣ ለበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችን፣ ጠጉር የፈተልኩ ሰው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አንዷ እንዝርቷን ሰጠችኝ፣ ፈተልኩ፣ ክሩ ተበጠሰብኝ፣ ሳቀችብኝ፣ እንደገና ጀመርኩ። ዘወር ብዬ "አየሽኝ?" ስል ልጅቷ የለችም።

ድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

"እማማ፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው" አለችና አስመለሳት።

ደስታዬ ከእግሬ ሥር ወረደ። ለጋምቦ የተወለድኩት እኔ፣ እሷ የተወለደችው አትላንታ። ለራሴ ደጋነት ስመሰክር እሷ ቆለኛ መሆኗን ረሳሁት!

በታክሲ ተመለስን። እንግዳ ተቀባዩ እንዳየን ኦክስጅን አመጣ፤ ሆቴሎቹ አጠገባቸው ያስቀምጣሉ፣ ስትገቡ መኖሩን ጠይቁ። ጭምብሉን አደረገላት፣ በስልኩ አስተርጓሚ ደግሞ አናገረኝ፤ እስኪመሽ ካልተሻላት ወይም ትንፋሽ ካጠራት ሐኪም እንጠራለን አለ። የሚያስመሰግን ሰው ነው። ግን ወዲያው "ለጊዜው የቅጠሉን ሻይ ላምጣላት?" አለኝ። በእጄም በራሴም እምቢ አልኩ። "ትበራለች፣ አውሮፕላን፣ ምርመራ አለባት" አልኩት በስልኩ። ገባው። ክፍል የምታጸዳው ሴት ደግሞ አዝና ከኪሷ ከረሜላ አወጣች። ያው ቅጠል! በጎረቤት ክፍል ያረፉት ባልና ሚስት በራችንን አንኳኩተው የሚታኘክ ይዘው መጡ። ያ ሁሉ ደግ ሰው ልጄን ከሥራዋ ሊያስወጣት በር ላይ የተሰለፈ መሰለኝ። አመሰግናለሁ እያልኩ ሁሉንም መለስኩ። አንድ ስኒ መመለስ ያቃተኝ ሴት!

ልጅቷ ስታንቀላፋ ወደ ማእድ ቤት ወረድኩ። ምግብ የምታበስለው በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ራሴን ያዝኩ፣ ሆዴን ያዝኩ፣ የተኛ ሰው አሳየኋት፣ ከዚያ ጆንያ ሙሉ የኮካ ቅጠል ጥግ ላይ አየሁና "ይሄን ኖ! ኖ!" አልኩ። ሳቀች። ከጣራው ከተንጠለጠለው ጭራሮ ጥቂት ሸምጥጣ ውኃ ጣደች። እስኪፈላ ድንቹን አሳየችኝ፤ ወይን ጠጅ የሚመስል፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ እንደ ጣት የተጣመመ። ድንች ይህን ያህል ዓይነት እንዳለው ማን ነገረኝ? እያገላበጥኩ ስደነቅ ሽታው መጣ። ጦስኝ! የአገሬ ጋራ ጦስኝ! ስኒውን ተቀብዬ በደረጃው ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

"ጠጪ የኔ እናት፣ አብሽሪ።"

ዓይኗን ሳትገልጥ ጠጣች፣ ተኛች። እኔ ዙህርን እዚያው አጠገቧ ሰገድኩ። ቂብላውን በስልኬ ስፈልግ ወደ ቁም ሳጥኑ ሆነ፤ እናንተም አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑት፣ እዚያ የሚያሳያችሁ ሰው አታገኙም። ለውዱእ ደግሞ ሙቅ ውኃው እስኪመጣ ቧንቧውን ክፈቱና ታገሡ፤ ቀዝቃዛው አጥንት ይሰብራል። ለመጠጥ ግን የታሸገውን ብቻ። ወረቀቱንም ሽንት ቤቱ ውስጥ አትጣሉ፣ አጠገቡ ቅርጫት አለ።

ስትነቃ ቀለሟ ተመልሷል። "ሾርባ አለ?" አለች። ልቤ ዘለለ። ተነሥታ ተቀመጠችና ስኒውን አየችው።

"እማማ፣ ምንድን ነው ያጠጣሽኝ?"

"ጦስኝ።"

"ኩስኮ ውስጥ ጦስኝ ከየት ይመጣል?"

"ሸተተኝ እኮ! አፍንጫዬ አይዋሽም።"

"ሲፈላ አይተሽዋል? ምን ምን እንደጨመረች አይተሻል?"

ድንቹን ነበር የማየው። ስኒውን ተቀብዬ ደግሜ ሳሸተው ገባት፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ፕሊስ፣ እማማ። ፕሊስ አይሁን" አለች። ስለ ራስ ምታቷ አላለቀሰችም፣ ስለ ሥራዋ አለቀሰች።

ብርድ ልብሱን እንደተከናነበች ተያይዘን ወረድን። ልጅቷ በትምህርት ቤት የተማረችው እስፓኒሽ አለ፤ እየተንተባተበች ጠየቀቻት። ሴትዮዋ የኔን ፊት አየች፣ የሷን ፊት አየች፣ ከዚያ ድስቱን ከነ ክዳኑ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ክዳኑን ከፈተችው። ልጅቷ በማንኪያ ቅጠሉን ሁሉ አወጣችው፤ ደቃቅ ናት፣ ከነ ግንዷ፣ የጥፍር ታህል እንኳ አትሆንም። ከጆንያው ደግሞ የኮካውን አንድ ቅጠል አንሥታ አጠገቡ አደረገች። እሱ ረጅምና ሰፊ ነው። አይመሳሰሉም፣ ወላሂ አይመሳሰሉም።

"ምን አለችሽ?" አልኳት።

"ሙኛ ነው የሚባለው አለች። እንግዳ ተቀባዩ ቀድሞ ነግሯት ነበር፣ የምትበረዋ ልጅ ቅጠሉን አትጠጣም ብሎ። ማንኪያውን እንኳ ለብቻ ነው ያደረግኩት አለች።"

ያቺን ሴት አቅፌ ሳምኳት፣ በግራም በቀኝም፣ እንደገና በግራ። እሷም በኔ ብሶ ሳመችኝ። ልጅቷ "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ሾርባዬስ?" እያለች ትስቃለች።

ከዚያ ወዲያ በደንቡ ኖርን። በማግስቱ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ዋልን፣ በዝግታ በላን። ሥጋው የሐላል ስላልሆነ እኔ የወንዝ ዓሣና እንቁላል ነው የበላሁት፤ የወንዝ ዓሣቸው አፍ ላይ ይቀልጣል። ጠብሰው የሚያቀርቡት አንድ ትንሽ አይጥ መሳይ እንስሳ አለ፣ ጥርሱ ሳይቀር ይታያል፤ ልጅቷ "አንድ ጉርሻ!" ብላ ልታስቀኝ ስትል ከጠረጴዛው ተነሥቼ ሸሸሁ። ሌላ ቀን፣ እንደ ኤሊ እየተራመድን፣ ወደዚያ የጠጉር ገበያ ተመለስንና ክሩን ሳልበጥስ አንድ እንዝርት ሞላሁ።

አትላንታ ከገባን በኋላ ግን ልጅቷ ጭንቀቱ አልለቀቃትም። "በዚያ ማእድ ቤት ብናኝም ቢሆን ገብቶ ቢሆንስ?" ትላለች። እኔ አብሽሪ እላታለሁ፣ ከሶላት በኋላ ግን ዱዓዬ ሁሉ የሽንት ምርመራ ሆነ። አላህም ሳይስቅ አይቀርም። ከዚያ አንድ ቀን ከበረራ ስትወርድ ጠሯት። ሰጠች። ውጤቱ እስኪመጣ ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ እንኳ አልተከፈተም።

ቡፎርድ ሃይዌይ ገበያ ዓሣ ለመግዛት ተሰልፌ ሳለ ደወለች።

"እማማ።"

"ወይ።"

"ክሊን ነኝ። አልፌያለሁ።"

እልል አልኩ። ከነጉሮሮዬ፣ እንደ ሠርግ ቤት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል። ዓሣ የሚከትፈው ሰውዬ ቢላውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ፤ ከኋላዬ ያሉት አንዲት እናት ምን እንደሆነ ሳያውቁ እጃቸውን አጨበጨቡልኝ።

"እማማ! የት ነሽ? ሰው አለ አይደል እንዴ? ኦ ማይ ጋድ፣ ዝም በይ!" ትለኛለች በስልኩ፣ እየሳቀች ነው፣ እያለቀሰችም መሰለኝ።

"ሰውማ ሞልቷል" አልኳት። "ቆይ፣ አንዴ ደግሜ ልበልላቸው።"