የመስከረም ሃያ አንዱ ጽዋ

ከትውልድ ከተማዬ ከሮብ ገበያ የወጣሁ ዕለት ያ የምታውቁት የጳጉሜ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ድንበር የሚያሻግረኝ ደላላ «ዛሬ ካልሆነ የለም» ብሎ ደወለ፤ እኔም የአናጢነት ዕቃዬን እንኳ ሳልሰበስብ ተነሣሁ። ሁሉንም ጥሎ መሄድ ቀላል ነበር፤ የከበደኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በማርያም ማኅበራችን ዐሥራ ሁለት ነን፤ ለእያንዳንዳችን በዓመት አንድ ወር ይደርሰናል። ጽዋውን የተቀበለ ሰው በሁሉ ፊት ቃል ገብቷል ማለት ነው፤ የሚቀጥለውን ወር እሱ ይደግሳል። እኔ በነሐሴ ሃያ አንድ የመስከረሙን ተቀብያለሁ፤ የአዲሱን ዓመት መጀመሪያ፣ ያውም ግሼን ማርያምን!

«እማ፣ ጽዋው እንዴት ይሁን?» አልኋት እናቴን።

«እኔ እይዝልሃለሁ። ለከርሞ መስከረም ራስህ ትደግሰዋለህ» አለችኝ።

«እደርሳለሁ» አልሁ። ሰው ሲሄድ የማይለው የለም።

መንገዱን አላወራላችሁም። መተማን፣ በረሃውን፣ ባሕሩን ያለፈ ያውቀዋል፤ ያላለፈ አይየው። ጀርመን ስገባ ሁለተኛው መስከረም አልፎኝ ነበር።

እዚህ አዲስ ዓመት የሚገባው በታኅሣሥ ብርድ ነው። አደይ የለ፣ መስኩ አልለመለመ፤ ርችት ተኩሰው ይተኛሉ። በማግሥቱ አገሩ ሁሉ ሩጫ ይጀምራል፤ የካቲት ሲደርስ ግን የሚሮጥ አታዩም። የቋንቋ አስተማሪያችንም «የአዲስ ዓመት ግባችሁን ጻፉ» አለችን። አጠገቤ የተቀመጠው ሶርያዊ «ሲጋራ መተው» አለ። እኔ «መስከረም ሃያ አንድ አገሬ ገብቼ ማኅበር መደገስ» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቴን ይዛ ቆመች።

«ይህ ነገር በእጅህ ነው?»

«አይ፣ በማርያምና በስደተኞች ቢሮ እጅ ነው።»

«ግብ ማለት አንተ ራስህ የምትችለው ነው» ብላ ሰረዘችው፤ በምትኩ «ስኳር መቀነስ» ብላ ጻፈችልኝ። ስኳሩንስ ቀንሻለሁ።

አምና እንግዲህ እዚሁ ልደግስ ብዬ ተነሣሁ። አሮጊቷ አከራዬ ደረጃው ላይ ያዙኝ።

«ስንት ሰው ነው የሚመጣው?»

«የሰማ ሁሉ።»

«የጠራቸውስ ማን ነው?»

«ማርያም።»

«እዚህ ቤት የተመዘገብኸው አንተ ብቻ ነህ። እሷ የት ነው የተመዘገበችው?»

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። በመጨረሻ አራት ሆነን፣ ጎረቤት እንዳይከሰን ጸሎቱን በሹክሹክታ አድርሰን ድፎውን ቆረስን። ድፎውስ ምንም አይወጣለትም ነበር። ግን ይኼኔ እናቴ ቤት ሽማግሌዎቹ ጠላው ቀጠነ እያሉ ያማሉ፣ ሴቶቹ ጓዳ ውስጥ ይሳሳቃሉ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር የጮቄ ተራራ ብርድ ይገባል። እኔን «ጠላው ቀጠነ» ብሎ የሚያማኝ ሰው አልነበረም። መታማቱ ራሱ ናፈቀኝ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ጋ ደወልሁ። ሰባት ዓመት በእኔ ስም ደግሳለች።

«ጋሽ አለኸኝ መጥተው ነበር» አለችኝ። የማኅበራችን ሙሴ ናቸው፤ መሪያችን ማለት ነው። «"አንቺም ደክመሻል፣ ልጁም አይጨነቅ፤ ከቃሉ ፈትተነዋል፣ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው እናስገባ" አሉኝ።»

ደግ ሰው ናቸው፤ ለእኔው አዝነው ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄዬ ውድቅ የተደረገ ዕለት እንኳ እንዲያ አልከፋኝም። ለካ «እደርሳለሁ» እያልሁ በየዓመቱ ስደግመው የኖርሁት ያ አንድ ቃል ነው ሰው አድርጎ ያቆየኝ። ካልጠበቁኝ ወዴት ነው የምመለሰው?

«እማ፣ አይፍቱኝ በያቸው» አልሁ፤ እንባዬ ቀደመኝ። «ስሜን አያውጡት። እመጣለሁ።»



«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ ልጄ» አለች። «ግን ለመቼ ልበላቸው?»