ጨው እንደ አስፈላጊነቱ

ሰው ሁሉ «ማብሰል ብቻ አይደል፣ ምን ያደክምሻል?» ይለኛል። ማብሰሉማ ምን አለው። እኔን የጨረሰኝ ሳይቀምሱ ማብሰል ነው። ዓረብ አገር፣ ራውዳ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አብስያለሁ። በጾም ወራት ሥጋቸውን እሠራለሁ እንጂ ምላሴ ላይ አላደርስም። አሠሪዬ ማዳም መጀመሪያ ትስቅብኝ ነበር፣ በኋላ ለመደችው። እጄ መጠኑን ያውቀዋል፤ አሳፍሮኝም አያውቅ። በሰው ቤት፣ በሰው ሰዓት ስኖር የኔ ነው ብዬ የያዝኩት ነገር ቢኖር ጾሜ ነው።

ጣጣው የመጣው የማዳም እናት እኛ ጋ የገቡ ጊዜ ነው። ደም ግፊት አለባቸው፣ ኩላሊታቸውም ደክሟል። ሐኪሙ ጨው ቀንሱ አለ፤ ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ ግን አልተናገረም። ማዳም ወደ እኔ ዞራ «የእናቴ ግፊት ከጨመረ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፣ ኸላስ፣ አለቀ!» አለች። እጄ የሚያውቀው የድሮውን መጠን ነው። አዲሱን ማን ያስተምረው? ቀላልና ጤናማ ምግብ የሚያሳይ፣ ጨዉን በማንኪያ ሰፍሮ የሚነግረኝ መጽሐፍ ያስፈልገኛል አልኩ።

ማዳም አንድ ወፍራም የዓረብኛ መጽሐፍ ገዛችልኝ። ፎቶውን ሲያዩት ያስርባል። ዓረብኛ እናገራለሁ እንጂ አላነብም፤ ገጹን ሁሉ በስልኬ ካሜራ እያስተረጎምኩ ዓይኔ እስኪፈስ አየሁት። ሽንኩርቱን በግራም፣ ዘይቱን በማንኪያ፣ ውሃውን በኩባያ ይናገራል። ጨው ጋ ሲደርስ «እንደ ፍላጎት» ይላል። የማን ፍላጎት? ጉበይራ ሰፈር የምትኖር የአገሬ ልጅ «እህቴ፣ አይዞሽ፣ የኛው ይሻልሻል» ብላ ከአገር ቤት የመጣ የአማርኛ መጽሐፍ አመጣችልኝ። ሽፋኑ ጤና፣ ጤና ይላል። ገለጥኩት። «ጨው እንደ አስፈላጊነቱ።» ወይ እናንተ! አስፈላጊነቱን ባውቅ መጽሐፍ እፈልግ ነበር እንዴ?

ዘንድሮ ደግሞ ሁዳዴ ከረመዳን ጋር ገጠመና ጭራሽ ጉድ ፈላ። ማዳም ቀን ቀን ትተኛለች፣ ቤቱ ሁሉ ጾመኛ ነው። በቀን መቅመስ የሚችል አንድ ምላስ ብቻ ቀረ፤ የማማ። ማማ የምላቸው አሮጊቷን ነው። ሐኪም ጾም ከልክሏቸው፣ ሲበሉ እንደ ሌባ በር በሩን ያያሉ፤ አንጀቴን ይበሉታል። ማድ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጬ በማንኪያ አቀምሳቸው ጀመር።

«ማማ፣ ጨዉስ?»

«ያንሳል፣ ልጄ።»

ትንሽ እጨምራለሁ። «አሁንስ?»

«አሁንም ትንሽ።»

የተስማሙበትን መጠን በመድኃኒታቸው ማንኪያ እየሰፈርኩ ደብተር ላይ ጻፍኩ። በስተመጨረሻ የሚታመን መጽሐፍ አገኘሁ፣ ያውም የገዛ እጄን ጽሑፍ፣ ብዬ ኮራሁ። ሞኝ! ጨው የተከለከለን ሰው «ጨው አነሰ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ከኔ ሌላ ማን አለ?

በሁለተኛው ሳምንት ማማ ጭንቅላታቸውን ይዘው ወደቁ። ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። ማዳም «እናቴን ልትገድያት ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። «ያንሳል ያሉኝ እናትሽ ናቸው» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የተኛ በሽተኛ እንዴት ይከሰሳል? ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ከንዴቱ ይልቅ ግን ድካሙ ይበልጥ ነበር።

ማማ ሲመለሱ ጨው የሌለው የሥጋ ሾርባ ሠራሁላቸው። አንዴ ቀምሰው ገፉት። እራታቸውንም ገፉ፣ የማግስቱንም ገፉ። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይወሰድም። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ለመንኳቸው።

«አንቺ ቅመሺው» አሉኝ። «ሁላችሁም ብዪ ትሉኛላችሁ፤ አንዳችሁም አልቀመሳችሁትም።»

«ጾም ላይ ነኝ እኮ፣ ማማ። ሥጋ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ዋሽቼሽ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ያንሳል ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው። ጨው አምሮኝ ነው።»

አጥንታቸው በቀሚሳቸው በኩል ይታያል። በልቤ አማተብኩና ማንኪያውን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

እውነታቸውን ነው። ሳህን የታጠበበት ውሃ ነው የሚመስለው። ይህንን ነው እንዴ «ይብሉ፣ ይብሉ» ስላቸው የሰነበትኩት? አፈርኩ። ማድ ቤት ገብቼ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ከሙን ነሰነስኩበት፣ ነጭ ሽንኩርት አቁላልቼ ጨመርኩና ቀመስኩ። አሁንም ቀመስኩ። ጾሙ አንዴ ከፈረሰ ወዲያ ምን ቀረኝ፤ እስኪጥም ድረስ ቀመስኩ።

ማማ ሳህኑን ተቀብለው ጨረሱት። ከዚያ እጄን ይዘው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ደብተሩ ላይ የነበሩትን የድሮ ገጾች ቀደድኳቸው። አዲሱ ገጽ ላይ ሎሚ አንድ፣ ከሙን ግማሽ የመድኃኒት ማንኪያ፣ ነጭ ሽንኩርት ሦስት ፍሬ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ጨው፦ ምንም። ተቀምሷል» አልኩበት። ለንስሐ አባቴ ስደውል ስለ ሥራው፣ ስለ ድካሙ፣ ስለ ማማ መታመም ሁሉ አወራቸዋለሁ። ያቺን «ተቀምሷል» የምትለዋን የመጨረሻ ቃል ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።