የደመቀ ሽብልቅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ በማይክሮስኮፕ ያነሳውን ፎቶ በስልኩ አሳየኝ። የአውሮፕላን አካል የሚሠራበት ጠንካራ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። የብረቱ ቅንጣቶች ተዳምጠው ረዝመዋል፤ ስንጥቁ እነሱን ሳይነካ በመካከላቸው ተሽሎክሉኮ አልፏል።

"እንጨት ይመስላል፣ አይደል?" አለኝ።

ደባርቅ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ደባርቅ ስመደብ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ። የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ያረፍኩት የጨው ነጋዴው አቶ ሰይድ ግቢ ነው። ክረምት ገብቶ የሊማሊሞ ጉም ሽቅብ ሲወጣ የመደብሩ ወለል ይረጥባል፤ ጨው እንዳይሟሟ ጆንያዎቹ ከአግዳሚ ላይ ይንጠለጠላሉ። ያ የእርጥብ ጆንያ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

የወይራው አግዳሚ ሲያረጅ፣ በምትኩ ከወደቀ አውሮፕላን የተረፈ የአሉሚኒየም ዘንግ ከዳባት ገበያ አስገዛሁ። በሳሁት፤ ከቀዳዳው የወፈረ የብረት ካስማ በመዶሻ እየደበደብኩ አስገባሁና መንጠቆውን ካስማው ላይ አሰርኩ። የአቶ ሰይድ ሠራተኛ ደመቀ የተቆላ ገብስ እየቆረጠመ ያየኛል። ጨው ይሸከማል፤ ሸክም ሲጠፋ ግንድ በሽብልቅ ይፈልጣል።

"እህቴ፣ ይኼ ካስማ ዘንጉን እንደ ሽብልቅ አይፈልጠውም?"

"ደመቀ፣ ይሄ እኮ እንጨት አይደለም!" ብዬ ሳቅኩበት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጠዋት፣ ዘንጉ ካስማው ላይ ለሁለት ተከፈለ። ቀድሞ ሲጥ እንኳ አላለም። ጆንያው ደመቀ ትከሻ ላይ ወረደ። ወጌሻ አጥንቱን አሰረለት፤ ያ ትከሻ ግን ዳግመኛ ሸክም አልቻለም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ነገሩን ሊያጣራ መጣ። እኔ አፌን ሳልከፍት አቶ ሰይድ ቀደሙኝ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ጨው አብዝቼ ሰቀልሁበት። ልጂቱን ተዋት።"

ደመቀ ስለ ካስማው ያለኝን ለሊቀመንበሩ አልነገርኩም። ደመቀ ከተኛበት መደብ ላይ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ምክንያቱ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ነው። የወፈረው ካስማ ቅንጣቶቹን ቀን ከሌት ወደ ጎን ወጥሮ ይዟቸው ነበር፤ ጨዋማው እርጥበት ደግሞ በመካከላቸው ቀስ እያለ ገባ። ሸክሙ አልበዛም። ጆንያ ባይሰቀልበትም መሰንጠቁ አይቀርም ነበር። ያን ቀን ያፈርኩት ማፈር ዛሬም አልለቀቀኝም።

ተማሪዬ መልሴን ይጠብቃል።

"ይመስላል" አልኩት። "መጀመሪያ ያየው ደመቀ የሚባል የደባርቅ እንጨት ፈላጭ ነው። ከፎቶው ግርጌ ስሙን ጻፍልኝ።"

ጻፈው። ለደመቀ ግን ልክ እንደነበረ አልነገርኩትም፤ ዘመቻው እስኪያልቅ በየቀኑ በአጠገቡ እያለፍኩ፣ ይቅርታ እንኳ አላልኩትም።