ሰባት ጊዜ የተቀረጸው መርዶ

ኪሊማኒ ሰፈር ያለሁበት ፎቅ ድረስ እየመጡ ትወና አስተምረን የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። እዚሁ ናይሮቢ ተወልደው ያደጉ የእኛው ልጆች ናቸው፤ አማርኛውን ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋር እየደባለቁ ያወሩታል እንጂ ደጎች ናቸው። ሁሌም የሚጠይቁኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ ካሜራ ፊት እንዴት ይለቀሳል? ይቺን ጥያቄ ስሰማ ሻይ አቀርብላቸውና ስለ ድምፅና ስለ ትንፋሽ ጥቂት ለፍልፌ እሸኛቸዋለሁ። የማውቀውን ብነግራቸው ደግመው የሚመጡ አይመስለኝም። እስቲ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ወደዚህ አገር የመጣሁት በደርግ ጊዜ፣ በሞያሌ በኩል፣ ግማሹን በእግሬ ግማሹን በጭነት መኪና ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ተዋናይ ነበርኩ፤ መጀመሪያ በቀበሌ ኪነት ቡድን፣ ኋላ በትልቁ መድረክ። የተማርኩት ትወና መጨረሻ ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ እንዲሰማ አድርጎ መጮህ ነው። ሲከፋህ ደረትህን ትደቃለህ፣ ስትቆጣ ክንድህን ትዘረጋለህ፣ ሕዝቡም ያጨበጭብልሃል። እዚህ ስደርስ መድረክ የለ፣ አጨብጫቢ የለ። ሩንዳ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ አንድ የውጭ አገር ሹም ግቢ ውስጥ አትክልት አጠጣ ነበር። ለጽጌረዳ አይፎከር ነገር!

ታዲያ አንድ ፈረንጅ የፊልም አዘጋጅ ስለ ስደተኛ ቤተሰብ ፊልም ሊሠራ መጣና አማርኛ የሚችሉ ሰዎች ያፈላልግ ጀመር። ሹሙ እኔን ጠቆመው። አዘጋጁ ቀጭን፣ ዘወትር አንድ ሹራብ የሚለብስ፣ ሲናገር ድምፁ በግድ የሚሰማ ሰው ነበር። አባት ነህ እንበል፣ ልጅህ አናዶሃል፣ አሳየኝ አለኝ። አሳየሁት፤ ግቢውን አናወጥኩት። ላቤን ስጠርግ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ጥሩ ነው፣ አሁን ደግሞ ምንም ሳታደርግ ተናደድ አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይገባኝ ሁለት ሳምንት አለፈ።

ሲገባኝ ግን አበድኩለት። ካሜራው እኮ ከፊትህ አንድ ክንድ ነው የሚርቀው፣ ለማን ነው የምትጮኸው ይል ነበር። ተዋናዩን ስሜትህን አሳየኝ ብሎ አይጠይቅም፤ ለእጁ ሥራ ይሰጠዋል። ቁልፍ ስፋ፣ ድንች ላጥ፣ አተር ፈልፍል ይለዋል። ክፉ ወሬ ሲመጣ እጅህ ሥራውን ያቋርጥ እንደሆነ ወይም ይቀጥል እንደሆነ እኔ አልነግርህም፣ እጅህ ራሱ ያውቃል ይላል። ሙሉውን ጽሑፍ ለማንም አይሰጥም፣ የዕለቱን ገጽ ብቻ ነው። አንዳንዴም ለአንዱ የነገረውን ከሌላው ይደብቃል። ሰው መጀመሪያ ሲደነግጥ እውነቱን ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ ግን የሚያስታውሰውን ነው የሚያደርገው ባይ ነበር። እኔን ከአትክልቱ አንሥቶ ረዳቱና አስተርጓሚው አደረገኝ። እሱ በጆሮዬ ያንሾካሹካል፣ እኔ ለተዋናዮቹ በአማርኛ እነግራለሁ። ቀረጻው እንዲቆም ሲፈልግም ምልክት ይሰጠኝና «በቃ!» የምለው እኔ ነኝ። ይቺ «በቃ» ሹመት መስላኝ ነበር።

እናቲቱን ሆነው የተጫወቱት አደይ ናቸው። አደይ ስማቸው አይደለም፤ የአስመራ ሰው ስለሆኑ በአገራቸው ቋንቋ እናታችን ለማለት ሁላችንም እንዲያ እንጠራቸው ነበር። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ኖረዋልና አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል፤ ሲቆጡ ብቻ ትግርኛው ይቀድማቸዋል። ለፊልሙ በተከራየነው የኪሊማኒ ቤት የገቡት በምግብ አብሳይነት ነበር። የሚያድሩትም እዚያው ነው። አዘጋጁ አንድ ቀን ሽንኩርት ሲከትፉ ቆሞ አያቸውና እናቲቱ እሷ ናት አለ። ተውኔት አይተው የማያውቁ ሴት! ለዚያም ይሆናል ያማሩት፤ እኔ በስንት መከራ የተውኩትን መጮህ እሳቸው መጀመሪያውኑ አልተማሩትም።

አደይ አንድ ልጅ ነበራቸው። አንድ ብቻ። ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ወደ ሰሜን ተላከ፤ የእናቱን ወገን ሊወጋ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤም የለም፣ አየሁት የሚል ሰውም የለም። ዐርብ ዐርብ ነጠላቸውን አጣፍተው በማታቱ፣ በከተማው ሚኒባስ፣ ጊጊሪ ወደሚባል ሰፈር ይሄዱ ነበር፤ እዚያ የጠፋ ሰው የሚያፈላልግ መሥሪያ ቤት አለ። ሲመለሱ ምን አሉዎት ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ሞቷል አላሉኝም ይሉኛል። ሞቷል አለመባል ለእሳቸው የሳምንት ስንቅ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። አላወቅሁም ብል እግዜርም ይታዘበኛል።

የፊልሙ ዋና ቦታ እናቲቱ የልጇን ሞት የምትሰማበት ነው። አዘጋጁ በእናንተ አገር ይህ እንዴት ይነገራል ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ምሁር ሆንኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ብቻውንም አይረዳም አልኩት። ሽማግሌዎች ይመካከሩና ሰውዬው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ማልደው ይሄዳሉ። መናገር እንኳ አያስፈልጋቸውም። በዚያ ሰዓት ሁለት ሽማግሌ ደጅህ ቆመው ካየህ የሚቀርህ ማን እንደሞተ መጠየቅ ብቻ ነው። የአዘጋጁ ዓይን በራ። እንግዲያው አትንገራት አለኝ። ነገ ቀረጻ የለም በላት።

እዚህ ላይ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ምን ያደርገኛል? ወደ ጽጌረዳዬ ቢመልሰኝ ነው። ግን ያቺን የትከሻ መታ መታ ለምጃታለሁ። እንዲያውም ከታዘዝኩት በላይ ሠራሁ። እሱ ማናቸውንም ሁለት ሽማግሌ ባመጣለት ይበቃው ነበር፤ እኔ ከቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሲሞት በእውነት መርዶ የሚላኩትን ሁለቱን ለምኜ አመጣሁ። አንደኛው፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሙሉ ቀን ተከራከሩኝ። መርዶ ይለማመዱታል እንዴ፣ ሟርት ነው አሉኝ። ጥበብ ነው አባቴ አልኳቸው። ጥበብ! ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ካሜራውን ዋዜማውን ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ አቆምነው። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ አደይ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው መስኮቱ ሥር ተቀመጡና አተር ይፈለፍሉ ጀመር። ሽማግሌዎቹ አንኳኩ። አደይ ሳህኑን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ከፈቱ።

የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፣ የሽማግሌዎቹን ፊት አዩ። ሳህኑ ወደቀ፣ አተሩ ወለሉን ሞላው። «አገኛችሁት?» አሉ ብቻ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ እዚያው ተቀመጡ። የሚጠሩት በፊልሙ ውስጥ ያለውን ልጅ ስም አልነበረም፤ የራሳቸውን ልጅ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አጠገቤ የቆመውን አዘጋጅ አየሁ። እጁን ከፍ አድርጎ ቆይ አለኝ። ቆየሁ። አንዲት ቃል ነበረች አፌ ውስጥ፣ እሷን ይዤ ቆየሁ።

በመጨረሻ እጁን ሲያወርድ «በቃ» አልኩ። መምህሩ ከሁሉ ቀድመው ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ ፊልም ነው፣ የሞተ የለም እያሉ ይምሉላቸው ጀመር። አንድ ኬንያዊ የመብራት ሠራተኛ ውኃ ይዞ መጥቶ «ፖሌ ማማ» አላቸው፤ ከሥራው ሰዎች ሁሉ ይቅርታ የጠየቃቸው እሱ ብቻ ነው። አደይ ውኃውን ተቀብለው ሳይጠጡት ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እሱ ደህና ነው ማለት ነው?»

ደህና መሆኑን እኔ በምን አውቄ! ምንም የሰማነው ነገር የለም አልኳቸው። ፊታቸው በራ። እንደዚያ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ተመስገን ብለው ወለሉን ሳሙ፤ ከዚያም አተሩን አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር፤ እኔም አብሬ ለቀምኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቢረግሙኝ በተሻለኝ።

አዘጋጁ ግን ተከፍቶ ነበር። ካሜራው የያዘው የአንዲት ሴት ጀርባና ነጠላ ነው፤ ፊት የለም። ያዘነ ሰው ፊቱን እንደሚሸፍን እኔ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ስለ መርዶ ያን ሁሉ ስደሰኩር ይቺን ብቻ ረሳሁ። እንግዲህ መድገም ነው። አደይን ለመንኳቸው። ምን ቸገረኝ ልጄ አሉ፤ በዚያ ጠዋት ምንም ብንለምናቸው እሺ ይሉ ነበር።

ፊትዎን ወደ መስኮቱ ያድርጉ አልኳቸው። ነጠላውን አይንኩት፣ ትከሻዎ ላይ ይሁን። እጅዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉ። በቃ እስክልዎት አያቁሙ። ሁለተኛውን ቀረጽን፣ ሦስተኛውን ቀረጽን። አንዴ እጃቸው ወደ ነጠላው ይሄድብናል፣ አንዴ ወደ ግድግዳው ይዞሩብናል፣ እኔም አስቁሜ አስተካክላቸዋለሁ። በየመሃሉ ስንተኛችን ነው ይሉኛል፤ እንደ ልጆች ጨዋታ ይዘውታል። ሰባተኛው ላይ እጃቸው ጭናቸው ላይ፣ ፊታቸው ብርሃኑ ላይ፣ ድምፅ ሳይኖር ዕንባው ብቻ ወረደ። አዘጋጁ ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ።

ያን ዕለት ምሳ እያቀረቡልኝ፣ ደክሟቸው ድምፃቸው ሰልሎ፣ አንድ ነገር አሉኝ።

«በውሸት አለቀስኩለት። ከእንግዲህ እውነተኛው ሞት አያገኘውም፤ በዚህ አለፈለት።»

አሜን አልኩ።

ፊልሙ አለቀ፣ ፈረንጁ እጽፍልሃለሁ ብሎ ሄደ፣ አልጻፈም። አልፈርድበትም፤ እኔም አልጠበቅሁትም። አደይ እዚያው ኪሊማኒ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀጥረው ከጓሮው ክፍል ይኖሩ ጀመር። ዐርብ ዐርብ ጊጊሪ መሄዱን አልተዉም። አሁን ግን ሲሄዱ ፈገግ ይሉ ነበር።

ዓመት ከምናምን አለፈ። ከጦር ሜዳ የሸሸ አንድ ወታደር በሞያሌ ገብቶ ናይሮቢ ደረሰ። የአደይ ልጅ ባልንጀራው ነበር። በገዛ እጄ ነው የቀበርኩት ብሎ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ነገራቸው። ሽማግሌዎች ተመካከሩ። የሚሄዱት ያው ሁለቱ ናቸው፤ ሦስተኛ እኔን አሉኝ። እንደ ልጃቸው ያዩሃል፣ ቃሉን አንተ ተናገር አሉኝ። ከበደኝ፤ ግን በምን አፌ እምቢ ልበል?

ማልደን ሄድን። መምህሩ በመንገድ ሟርት ነው ብዬህ አልነበረም ቢሉኝ በወደድኩ። እሳቸው ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ እኔም የራሴን አዘቀዘቅሁ። ከዚያ አንኳኩ።

አደይ ከፈቱ። ሁለቱን ሽማግሌዎች አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ በትከሻችን በላይ ግቢውን ቃኙ፤ አንዳች ነገር እየፈለጉ። አጡት መሰለኝ ወደ ክፍሉ ተመልሰው መስኮቱ አጠገብ ያለች ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ መለሱ።

«ይሄ ስምንተኛው ነው?» አሉኝ።

እውነት ነው ማለት ነበረብኝ። ግን እውነት ነው እንዴት ይባላል? ድምፄን ዝቅ ባደርገው ፈረንጁ ያስተማረኝ ነው። ደረቴን ብደቃ መድረክ ላይ የተማርኩት ነው። ዝም ብል፣ ያኔም ዝም ብዬ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የተማርኩትን ሁሉ ባገላብጥ አንዲት እናት የምታምነኝ አንዲት ቃል አጣሁ።

«አደይ፣ ካሜራ የለም» አልኩ።

ዕንባቸው ወረደ፣ ያለ ድምፅ፣ ልክ እንደ ሰባተኛው። መምህሩ አላስቻላቸውም፤ ጠጋ ብለው ነጠላውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉላቸው። አደይ ቀስ ብለው አወረዱት። አይነካም ተብያለሁ አሏቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳደረጉ፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንዳለ አለቀሱ። በየመሃሉ ዓይናቸውን ወደ እኔ ይመልሱ ነበር፤ በቃ እስክላቸው ይጠብቁኝ ነበር።